የእሳት አደጋ ቱቦ ኖዝል፦ ጽዳቱና ግራሶው

ኖዝል የእሳት አደጋ ቱቦ ጫፍ ላይ የሚገጠም መርጫ ነው። ውሃው የሚከፈተውና የሚዘጋው፣ በቀጥታ የሚተኮሰው ወይም እንደ ጉም የሚበተነው በእሱ ነው። ሰው መኪናውንና ሳይረኑን ያያል እንጂ ለኖዝሉ ዓይን የለውም።

አዲስ አበባ ዳር ዳሩን ግን ነገሩ ይከብዳል። በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላንና በሰበታ በኩል ፋብሪካ፣ መጋዘንና መኖሪያ ቤት ጎን ለጎን ነው። ውሃ መሙያ በቅርብ ካልተገኘ ቦቴ ይጠበቃል። 10,000 ሊትር የጫነ ቦቴ መጣ እንበል። በደቂቃ 400 ሊትር ለሚተፋ አንድ ኖዝል የሚበቃው 25 ደቂቃ ነው። ሁለት ከተከፈተማ ግማሹ። ታዲያ ከላላ መጋጠሚያ የሚፈሰው ውሃ ያንገበግባል።

የኖዝል ዋና ጠላት አፈር ነው። በጋ አቧራው፣ ክረምት ደግሞ የአቃቂ ጥቁር ጭቃ። ቱቦው ሲጎተት ኖዝሉም አብሮ ይጎተታል። በብዙዎቹ ኖዝሎች ውስጥ መሐሉ የተበሳ ኳስ አለ። እጀታው ሲሳብ ቀዳዳው ከውሃው መንገድ ጋር ይገጥማል። አሸዋ እዚያ ከገባ ኳሱንና መቀመጫውን ይቧጭራል። ከዚያ በኋላ እጀታው ይከብዳል፣ ቢዘጋም ይንጠባጠባል።

ጽዳቱ ቀላል ነው፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ። ብዙ ኖዝሎች ጠጠር ማስወጫ ቦታ አላቸው፤ አፉ ላይ ያለው ቀለበት እስከዚያ ሲዞር አፉ ሰፋ ይልና የተሰነቀረው ይወጣል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ ግን ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን ጎሚኒ መጨረስ ነው።

ትልቁ ስህተት ያለው ግራሶው ላይ ነው። የጋራዥ ግራሶ በእጅ ስላለ ይቀባል። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ግራሶ ግን አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣል፤ አቧራም ይሰበስባል። ለኦሪንግ (ለቀለበት ጎሚኒ) እና ለሚሽከረከሩ ክፍሎች የሚመረጠው የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ እሱም ስስ ተደርጎ፣ አምራቹ በሚያዘው ቦታ ብቻ። ያረጀ ግራሶ ሳይጠረግ አዲስ መደረብ አቧራውን አብሮ ማሸግ ነው።

ናስና አሉሚኒየም እርጥበት ላይ ተጋጥመው ከቆዩ ይበላላሉ፤ የመጋጠሚያው ጥርስም ተጣብቆ አልፈታ ይላል። ያኔ መዶሻ ማንሳት ይመጣል፣ ኖዝሉም ይጨረመታል። ሌላው ልማድ እጀታውን በድንገት መዝጋት ነው። የሚሮጠው ውሃ በአንዴ ሲቆም ግፊቱ ወደ ኋላ ይመታል፤ ቱቦ ሊፈነዳ፣ ፓምፕም ሊጎዳ ይችላል።

የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ደረጃ ኖዝል ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ፣ ቢያንስ ደግሞ በዓመት አንዴ እንዲታይ ይጠይቃል። ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ባለው ቀይ ሳጥን ውስጥ ያለው ኖዝል ነው። አቧራ ለብሶ ዓመታት ይቀመጣል። 939 ተደውሎ መኪናው እስኪደርስ የመጀመሪያው ውሃ የሚወጣው ግን ከእሱ ነው። ሳጥኑን ከፍቶ ጎሚኒውን በጣት መዳሰስ፣ እጀታውን ወዲያ ወዲህ ማለት አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ጎሚኒው ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀየራል፤ ዋጋውም ከቱቦው ጋር አይወዳደርም።