የዳኖን ማኅበራዊ ኃላፊነት፦ ከማርሴይ ንግግር እስከ ቦግራ የእርጎ ፋብሪካ

አንድ የምግብ ኩባንያ ትምህርት ቤት ሲያሠራ ወይም ለተቸገሩ ዱቄት ሲለግስ ዜና ይሆናል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ወተቱን ላቀረበው ገበሬ ስንት ከፈለ? ምርቱን ለመግዛት የማን ኪስ ይችላል? ባዶው ፕላስቲክስ የት ይጣላል? የኩባንያ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚለካው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው ብዬ አምናለሁ። የፈረንሳዩ ዳኖን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ስለ ኃላፊነት በአደባባይ ሲናገር ኖሯል። ቃሉን የጠበቀበት ጊዜ አለ፤ ያላከበረበትም አለ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፋርማሲ እስከ ሱፐርማርኬት

ዳኖን የተመሠረተው በ1919 ባርሴሎና ውስጥ ነው። መሥራቹ አይዛክ ካራሶ ከሳሎኒካ (ከዛሬዋ የግሪክ ተሰሎንቄ) የመጣ አይሁዳዊ ነጋዴ ነበር። የኩባንያውን ስም ያወጣው ከልጁ ከዳንኤል የቁልምጫ ስም ነው። ያኔ እርጎው የሆድ ሕመም ላለባቸው ሕፃናት ታስቦ በፋርማሲ ይሸጥ ነበር። ዳንኤል በ1929 ሥራውን ወደ ፓሪስ አመጣው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ኒው ዮርክ ወሰደው።

የማኅበራዊ ኃላፊነቱ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከእርጎ ሳይሆን ከጠርሙስ ነው። አንትዋን ሪቡ የሚመራው ቢኤስኤን በ1966 ሁለት የመስታወት አምራቾች ተዋህደው የፈጠሩት ኩባንያ ነበር። ሪቡ ጠርሙስ ብቻ ከማምረት ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባውንም መሸጥ ይሻላል ብሎ አሰበ። በ1970 የኤቪያንን ውሃና የክሮነንቡርግን ቢራ ያዘ። በ1973 የካራሶን ዳኖን ከያዘው ከዤርቬ ዳኖን ጋር ተዋሃደ። ድርጅቱ በይፋ ዳኖን የተባለው በ1994 ነው።

የማርሴዩ ንግግር

ኦክቶበር 25 ቀን 1972 የፈረንሳይ አሠሪዎች ማርሴይ ላይ ተሰብስበው ነበር። የ1968ቱ የተማሪዎችና የሠራተኞች አመፅ ካለፈ ገና አራት ዓመቱ ነው። ሪቡ መድረኩ ላይ ወጣ። የኩባንያ ኃላፊነት ከፋብሪካውና ከቢሮው በር ላይ አያበቃም አለ። ኩባንያ የሚሠራው ሥራ መላውን ኅብረተሰብ ይነካል፣ የእያንዳንዱን ዜጋ ኑሮ ይለውጣል፤ ያለን መሬት ደግሞ አንድ ብቻ ነው ሲል አስረዳ።

ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ንግግር አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን የኩባንያ ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፍን ማሳደግ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙ የኩባንያ መሪዎችም ተቀብለውት ነበር። ሪቡ ተቃራኒውን የተናገረው በባልደረቦቹ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ኢኮኖሚያዊውንና ማኅበራዊውን ግብ አንድ ላይ የሚይዝ «ድርብ ፕሮጀክት» አለኝ ማለት ጀመረ። ዛሬም የዳኖን ሰዎች ስለ ኃላፊነት ሲያወሩ መነሻቸው ይህ ንግግር ነው።

ንግግሩ በተግባር ምን ይመስላል ለሚል ሰው የኤቪያን ውሃ ጥሩ ምሳሌ ነው። ውሃው ከአልፕስ ተራሮች ሥር ካለ አምባ ላይ የዘነበ ዝናብና በረዶ ነው። ወደ መሬት ሰርጎ፣ ተጣርቶ ምንጩ ጋ እስኪደርስ ዓመታት ይወስድበታል። አምባው ላይ ግን ሰው ይኖራል፣ ከብት ይረባል፣ ይታረሳል። እዚያ የፈሰሰ ኬሚካል ሁሉ አንድ ቀን ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኩባንያው በ1992 ከአካባቢው ቀበሌዎች ጋር ማኅበር አቋቋመ። ገንዘብ ያዋጣል፤ ገበሬዎቹም ውሃውን የማይበክል አሠራር እንዲከተሉ ይደገፋሉ። እንዲህ ያለው ኃላፊነት ዕድሜ አለው። ኩባንያው ሥራውን ሳይጎዳ ሊያቋርጠው አይችልምና።

ቦግራ

ከዳኖን ታሪክ ውስጥ በደንብ ሊጠና የሚገባው የባንግላዴሹ ነው። በ1996 አባቱን የተካው ፍራንክ ሪቡ በ2005 መገባደጃ ላይ ለድሆች አነስተኛ ብድር የሚሰጠው የግራሚን ባንክ መሥራች ከሆነው ከሙሐመድ ዩኑስ ጋር ፓሪስ ውስጥ ምሳ በላ። ዩኑስ በምግብ እጥረት ለተጎዱ የባንግላዴሽ ሕፃናት የሚሆን ምግብ በጋራ እናምርት አለው። ሪቡ እዚያው ተስማማ። ግራሚን ዳኖን ፉድስ በ2006 ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ዩኑስና ባንኩ የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። ዝነኛው የእግር ኳስ ተጫዋች ዚነዲን ዚዳንም ወደ ባንግላዴሽ ሄዶ ሥራውን አስተዋወቀ።

የኩባንያው ደንብ ከተለመደው የተለየ ነበር። ዩኑስ «ማኅበራዊ ቢዝነስ» ይለዋል። መክሰር የለበትም፤ ወጪውን በሽያጩ መሸፈን አለበት። ባለሀብቶቹ ግን ያወጡትን ገንዘብ ከመመለስ አልፈው በትርፍ ላይ አይከብሩም። የተረፈው ተመልሶ ሥራው ላይ ይውላል። ልገሳ ሲያልቅ ይቆማል፤ ይህ ግን ራሱን ችሎ እንዲቀጥል የታሰበ ነው።

ፋብሪካው ቦግራ በምትባል የሰሜን ባንግላዴሽ ከተማ በ2007 ተከፈተ። ከሌሎቹ የዳኖን ፋብሪካዎች ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። ታስቦበት ነው። ወተቱ ከሩቅ እንዳይጓዝ፣ ለአካባቢው ሰው ሥራ እንዲገኝ ተፈልጎ ነው። ወተት የሚያቀርቡት ጥቂት ላሞች ያሏቸው ገበሬዎች ናቸው። እርጎው «ሾክቲ ዶይ» ይባላል። ብረት፣ ዚንክ፣ አዮዲንና ቫይታሚን ኤ ተጨምሮበታል። አንዷ 80 ግራም ኩባያ ሕፃኑ በቀን ከሚያስፈልገው ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች 30 በመቶ ያህሉን እንድትሸፍን ታስባ ነው የተሠራችው። ኩባያው ሳይቀር ከበቆሎ ስታርች የተሠራ፣ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ነበር። ዋጋው 5 የባንግላዴሽ ታካ ብቻ። የመንደር ሴቶች በቀዝቃዛ ቦርሳ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ይሸጡት ነበር፤ ከሽያጩም ኮሚሽን ያገኙ ነበር።

ዕቅዱ ያማረ ነበር። ከዚያ የ2008 የዓለም የምግብ ዋጋ ንረት መጣ። ወተት ተወደደ። ኩባንያው የእርጎውን ዋጋ ከ5 ወደ 8 ታካ ከፍ ሲያደርግ የገጠሩ ሽያጭ 80 በመቶ ያህል ወደቀ። ሦስት ታካ ለእኛ ምንም ላይመስለን ይችላል። ለቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ግን ሩዝ ነው። ሽያጩ ሲወድቅ የሻጮቹ ሴቶች ኮሚሽንም አብሮ ወደቀ፤ ብዙዎቹ ሥራውን ተዉት።

መፍትሔውን ያገኙት ተቸግረው ነው። ኩባያውን ወደ 60 ግራም አሳንሰው በ6 ታካ ሸጡት። ንጥረ ነገሩ እንዳይቀንስ ቀመሩን አስተካከሉ። እርጎውን ዋና ከተማዋ ዳካ ላይ ወደ ሱቆች አስገቡት። ከተሜው ከፍ ባለ ዋጋ ሲገዛ የገጠሩን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ለመያዝ ይረዳል። በአሥር ዓመት ውስጥ 50 ፋብሪካ ይከፈታል ተብሎ የነበረው ዕቅድ ግን አልተሳካም። ያለው ያ የቦግራው ብቻ ነው።

አንዳንዶች ይህን ውድቀት ይሉታል። አልስማማም። ሕፃናቱ ይብሉት የተባለው ምግብ ስንት ሲሆን ከቤተሰቡ አቅም በላይ እንደሚሆን በተግባር ያሳየ ሥራ ነው። ዳኖን ከዚሁ ሥራ ጋር ተያይዞ በ2007 ዳኖን ኮሚውኒቲስ የሚባል ለማኅበራዊ ቢዝነስ የሚውል ፈንድ አቋቋመ። በ2009 ደግሞ ባለአክሲዮኖቹ ኢኮሲስተም ለተባለ ሌላ ፈንድ 100 ሚሊዮን ዩሮ ፈቀዱ። ይኸኛው በአቅራቢ ገበሬዎች፣ በቆሻሻ ሰብሳቢዎችና በትናንሽ ሻጮች ላይ ያተኩራል።

ገዢው ሲቆጣ

እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ የዳኖን ስም በ2001 ክፉኛ ተነካ። ሉ የተባለውን የብስኩት ሥራውን አደራጃለሁ ብሎ የካሌንና የኤቭሪን ፋብሪካዎች ለመዝጋት ወሰነ። ኩባንያው እያተረፈ መሆኑ ሕዝቡን አናደደው። ሠራተኞችና ፖለቲከኞች የዳኖንን ምርት አትግዙ ብለው ቀሰቀሱ። ፋብሪካዎቹ መዘጋታቸው አልቀረም። የብስኩቱም ሥራ በ2007 ለአሜሪካው ክራፍት ተሸጠ።

የሞሮኮው ይበልጥ ከባድ ነበር። በኤፕሪል 2018 ሞሮኮአውያን በኑሮ ውድነት ተማረው በሦስት የንግድ ስሞች ላይ ያለመግዛት አድማ መቱ። አንዱ የዳኖን የሆነው የሳንትራል ዳኖን ወተት ነበር። ቅስቀሳው የተካሄደው በአብዛኛው በፌስቡክ ነው። ወተቱ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ኩባንያው ከገበሬዎች የሚሰበስበውን ወተት በ30 በመቶ ቀነሰ፤ ጊዜያዊ ሠራተኞችንም አሰናበተ። በዋጋው ውሳኔ ምንም እጅ የሌለው ባለሁለት ላም ገበሬ ቀድሞ ተጎዳ ማለት ነው። የዳኖን መሪ ኢማኑኤል ፋበር ራሱ ካዛብላንካ ድረስ ሄዶ ከሰው ጋር ተነጋገረ። በሴፕቴምበር ኩባንያው ያንን ተራ ወተት ያለ ትርፍ እንደሚሸጥ አስታወቀ።

የገዢ ቁጣ ምን እንደሚሠራ እኛም በሩቁ አይተናል። ደርግ በ1975 የአንድ የጀርመን ኩባንያን የከብት ሀብት ድርጅት ወርሶ ነበር። ያንን የጀርመን ኩባንያ የስዊዙ የምግብ ኩባንያ ኔስሌ በ1986 ገዛው። በ2002 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ በሚጠብቅበት ወቅት ኔስሌ 6 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ይከፈለኝ ማለቱ ታወቀ። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ጉዳዩን ይፋ አወጣው። ከየአገሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የተቃውሞ ኢሜይል ጎረፈ። በጃንዋሪ 2003 ክፍያው 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲሆን ተስማሙ። ኔስሌም ገንዘቡን መልሶ ለረሃቡ እርዳታ ሰጠ።

የሕፃናት ዱቄት ወተት

ዳኖን በ2007 የኔዘርላንዱን ኑሚኮ ሲገዛ በሕፃናት ወተት ንግድ ከትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ይህ ንግድ በምግብ ኢንዱስትሪው ውስጥ ከባዱን ጥያቄ የሚያስነሳ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 በ118 ድምፅ ድጋፍ፣ በአሜሪካ ብቸኛ ተቃውሞ የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ሕግ አፅድቋል። ለሕዝብ ማስታወቂያ መሥራትንና ለእናቶች ነፃ ናሙና ማደልን ይከለክላል። የሕፃናት ጤና ተሟጋቾች እስካሁን ድረስ ትልልቆቹን አምራቾች፣ ዳኖንንም ጨምሮ፣ ሕጉን በሙሉ አይጠብቁም እያሉ ይከሳሉ። የጡት ወተት ለሚችሉ እናቶች ሁሉ የተሻለ መሆኑ እየታወቀ በዱቄት ወተት ሽያጭ ማደግን ግብ ያደረገ ኩባንያ፣ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ክትትል ቢደረግበት ተገቢ ነው።

ቃሉ ደንብ ሲሆን

በ2019 የወጣ የፈረንሳይ ሕግ ኩባንያዎች ከትርፍ ሌላ ማኅበራዊና የአካባቢ ዓላማ በመመሥረቻ ደንባቸው ውስጥ እንዲጽፉ ፈቀደ። እንዲህ ያለው ድርጅት ባለተልዕኮ ኩባንያ ይባላል። ለብቻው የተቋቋመ ኮሚቴ ይከታተለዋል፤ ገለልተኛ አካልም ይመረምረዋል። ጁን 26 ቀን 2020 ከዳኖን ባለአክሲዮኖች 99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይህን አፀደቁ። አክሲዮኑ በገበያ ላይ ከሚሸጥ ኩባንያ መካከል የመጀመሪያው ዳኖን ሆነ። ፋበር በደስታ የሚልተን ፍሪድማንን ሐውልት ገረሰሳችሁት አላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። የኮቪድ ወረርሽኝ ምግብ ቤቶችን ዘጋ፤ የጠርሙስ ውሃ ሽያጭ ወደቀ። የዳኖን አክሲዮን ከኔስሌና ከዩኒሊቨር ወደኋላ ቀረ። በኖቬምበር 2020 ኩባንያው እስከ 2,000 የሥራ መደቦች ሊቀንስ መሆኑን አስታወቀ። ብሉቤል ካፒታልና አርቲዛን ፓርትነርስ የተባሉ ባለሀብቶች አመራሩ ይቀየር ብለው ግፊት አደረጉ። ማርች 14 ቀን 2021 ቦርዱ ፋበርን አሰናበተው። አክሲዮኑ የወደቀበትን ምክንያት በማኅበራዊ ዓላማው ብቻ ማሳበብ አይቻልም፤ ተቺዎቹ ራሳቸው የሚያነሱት የአሠራር ድክመት ነበር። ግን ደንቡ ውስጥ የተጻፈው ተልዕኮ መሪውን እንዳላዳነው ግልጽ ነው። ሠራተኞቹንም ከቅነሳ አላዳናቸውም። ሆኖም ደንቡ አልተሻረም። ቀጣዩ መሪ አንትዋን ደ ሴንታፍሪክ ሲመጣም ባለተልዕኮ ኩባንያነቱ ቀጠለ።

በዚያው ዓመት በኦገስት፣ የዳኖን ንብረት የነበረው የአሜሪካው ሆራይዘን ኦርጋኒክ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ላሉ 89 የወተት ገበሬዎች ውላችሁ አይታደስም ብሎ ጻፈላቸው። አብዛኞቹ ትናንሽ የቤተሰብ እርሻዎች ነበሩ። ርቀትና የማጓጓዣ ወጪ ነው ምክንያቱ። ተቃውሞ ሲበረታ የማብቂያው ጊዜ እስከ ፌብሩዋሪ 2023 ተራዘመላቸው። የቦግራን ፋብሪካ ወተቱ ከሩቅ እንዳይጓዝ አስቦ በልኩ የሠራው ኩባንያ፣ ቬርሞንትና ሜይን ላይ በርቀት ሰበብ ገበሬውን ተወው። እኔ ከዳኖን መዝገብ ውስጥ ለመቀበል የምቸገረው ይህን ነው።

ፕላስቲኩ

የመጨረሻው ትልቅ ጉዳይ ፍርድ ቤት የደረሰ ነው። ፈረንሳይ በ2017 ትልልቅ ኩባንያዎች በአቅራቢዎቻቸው በኩል ጭምር በሰውና በአካባቢ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ሕጉን ካስወጡት ምክንያቶች አንዱ በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ የፈረሰው የራና ፕላዛ ሕንፃና እዚያ ያለቁት ከ1,100 በላይ ሰዎች ናቸው። በጃንዋሪ 2023 ክላየንት ኧርዝ፣ ሰርፍራይደር እና ዜሮ ዌስት ፍራንስ የተባሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች በዚህ ሕግ መሠረት ዳኖንን ከሰሱ። ከሳሾቹ ኩባንያው የፕላስቲክ ጉዳቱን በክትትል ዕቅዱ ውስጥ በቂ ቦታ አልሰጠውም አሉ። ዳኖን ክሱን ተቃወመ። ፍርድ ቤቱ ወደ ሽምግልና መራቸውና በ2025 ተስማሙ። ዳኖን ዕቅዱን ሊያሻሽልና የሚጠቀመውን ፕላስቲክ መጠን ለሕዝብ ሊያሳውቅ ተስማምቷል። በ1972 በፈቃደኝነት የተነገረው ቃል አሁን ከፊሉ በሕግ የሚያስጠይቅ ግዴታ ሆኗል።