«ከግቢ ውጪ ነው» ሲሏችሁ

ልጃችሁን በስልክ የሚያዋክቡት ማታ ቤት ሆነው ስለሆነ «እኛን አይመለከትም» የሚል መልስ ከአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከተሰጣችሁ፣ እዚያ ላይ አታቁሙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ማሃኖይ በተባለ የትምህርት ቤት ወረዳ ጉዳይ፣ ቅዳሜና እሁድ በስናፕቻት ስለ ትምህርት ቤቷ የተሳደበችን ተማሪ መቅጣት አይገባም ብሏል። ግን በዚያው ውሳኔ፣ በተወሰነ ሰው ላይ ያነጣጠረ ከባድ ማዋከብ ከግቢ ውጪም ቢሆን የትምህርት ቤቱን እርምጃ ሊጠይቅ እንደሚችል አስቀምጧል። ስለዚህ ክርክራችሁ ስለ ቦታው አይሁን፤ ልጁ አውቶቡስ መሳፈር ፈርቶ እንደሆነ፣ ከክፍል እየቀረ እንደሆነ ተናገሩ።

ስድቡ ዘርን ወይም የትውልድ አገርን የሚነካና ክፍል ድረስ የተከተለው ከሆነ፣ እንዲህ ያለ መድልዎ የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግም አለ። መልእክቱ ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሱ፤ አቤቱታውን በኢሜይል ላኩ። እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ ነፃ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እባካችሁ፣ የተጎዳውን ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉት።