«በቀን 1 ግራም ዝንጅብል» ሲባል የትኛው ነው?

መጠኑ የሚነገረው ስለ ደረቁ ዱቄት ነው። ከድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ እርጥቡን ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ስሌቱ ይለያል፦ እርጥብ ዝንጅብል ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ውሃ ስለሆነ፣ 1 ግራም ደረቅ የሚተካው ወደ 5 ግራም በሚጠጋ እርጥብ ነው። ዱቄት ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ልክ እስከ አፉ እንጂ ተቆልሎ አይደለም። ሲደርቅ ጂንጀሮል የተባለው ንጥረ ነገር በከፊል ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል ይበልጥ ስለሚፋጅ ደረቁ በትንሽ መጠን እንኳ የሚፋጀው ለዚህ ነው።

የእርግዝና ማቅለሽለሽን ለማስታገስ በብዛት የተሞከረው ይኸው 1 ግራም ነው፤ 250 ሚሊግራም በቀን አራት ጊዜ። ሙሉውን በአንዴ፣ ያውም በባዶ ሆድ የወሰደ ሰው ቃር ቢነሳበት አይገርምም።

«ከደም ማቅጠኛ ጋር አይወሰድ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ብዙዎችን ወጥ ውስጥ የገባውን እንኳ ያስፈራቸዋል። ያለቦታው ነው! የሚመለከተው በየቀኑ እንደ መድኃኒት የሚወሰደውን፣ በተለይም እንክብሉን ነው። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው መድማት ሊበዛበት ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዘም እንዲሁ።

የሻገተውን ግን ቆርጦ ማትረፍ የለም፤ ይጣል።