ቃሪያውን ከተኪላው ውስጥ አውጡት! የሃሎዊን ማርጋሪታ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኦክቶበር ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ያሉ ወዳጆቼ በ31 ለሚደግሱት የሃሎዊን ፓርቲ «ያቺን የምታቃጥለዋን ማርጋሪታ እንዴት ነው የምትሰሯት?» ይሉኛል (ቃሪያ በተዘፈዘፈበት ተኪላና በሎሚ የምትሰራዋን መጠጥ ማለታቸው ነው)፣ እነግራቸዋለሁ፣ እሺ ብለው የራሳቸውን ያደርጋሉ፣ ከዛ በነጋታው «አልሆነልንም» ብለው መልሰው እኔው ላይ ያለቅሳሉ። እንጀራዬ ባንኮኒ ላይ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ቃሪያው ተኪላው ውስጥ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል»

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው። ጠጅ ቢቆይ ይበስላል፣ ምክንያቱም ውስጡ እርሾ እየሰራ ነው። 40 ፐርሰንት አልኮል ያለው ተኪላ ውስጥ ግን ምንም የሚበስል ነገር የለም። የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ካፕሳይሲን የሚባለው የሚያቃጥለው ነገር ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፣ አልኮል ውስጥ ግን ቶሎ ይሟሟል። የተከተፈ ሃላፔኞ (የሜክሲኮ ቃሪያ ነው) 20 ደቂቃ ውስጥ ራሱን ያሳውቃል፣ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ከዛ በኋላ የሚወጣው የቅጠል ቅጠል የሚል መራራ ጣዕም ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አልጠየቃችሁም።

አንዷ ጓደኛዬ ይባስ ብላ ሀባኔሮ ነው የከተተችው፣ እሱንም አሳድራው። ሃላፔኞ ቃሪያ ምን ያህል እንደሚያቃጥል በሚለካበት በስኮቪል መለኪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ነው፣ ሀባኔሮ ከ100,000 እስከ 350,000፣ እንግዲህ ልዩነቱን እናንተው ገምቱት። ድራኩላ ሆኖ የመጣው እንግዳ እንባው የቀባውን ደም አጥቦት አገጩ ስር ደረሰ። እሷ እቴ ቃሪያውን አውጥታ «አሁን ይበርዳል» ብላ ትጠብቃለች! አይበርድም፣ የወጣው ወጥቷል። ስኳርና ሎሚ ብትጨምሩበትም ምላስን ትንሽ ይሸነግሉ ይሆናል እንጂ ካፕሳይሲኑ እዛው ነው ያለው። መፍትሄው ምንም ያልገባበት ተኪላ ጨምሮ ማቅጠን ነው፣ ስለዚህ ጠርሙሱን ሙሉ አትዘፍዝፉት፣ ግማሹን ብቻ አርጉት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ በየአስር ደቂቃው ቅመሱና ልክ ሲሆን አጥልላችሁ ቃሪያውን ጣሉት።

«ፍሬውን አውጥቼዋለሁ፣ አያቃጥልም»

ስንግ የሚሰሩ እናቶች ሳይቀሩ ይሉታል። የሚያቃጥለው በዋናነት ፍሬው የተጣበቀበት ነጩ ስጋ ነው፣ ፍሬው ከሱ ጋር ተነካክቶ ነው ስሙ የጠፋው። ብዙ እንዳያቃጥላችሁ ከፈለጋችሁ ነጩን በማንኪያ ፍቃችሁ አውጡት።

«እኛ ሐበሾች ነን፣ ሚጥሚጣ ጨምርበት»

ወንድሜ ማንም ጀግንነትህን አልጠረጠረም። ሚጥሚጣ ዱቄት ነው፣ አይሟሟም፣ ብርጭቆው ስር ይዘቅጥና የመጨረሻዋ ጉንጭ አሸዋ ትሆናለች። ኮረሪማውም ሎሚውን ይጫነዋል። የብርጭቆው ጠርዝ ላይ ግን ያምራል፣ ጠርዙን በሎሚ አርጥባችሁ ግማሹን ብቻ ንከሩት፣ የማይፈልግ በሌላኛው በኩል ይጠጣ። ሚጥሚጣው ራሱ ጨው ስላለው ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱት።

«ሲያቃጥል ውሃ»

ውሃ አፍ ውስጥ ያዳርሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር ይኑር።

«ቅመሙ ስካሩን ያበርደዋል»

አያበርደውም። እንደውም እያቃጠለ ሲነቃቃ ያልሰከረ የሚመስለው ሰው አለ፣ እሱ ነው ቁልፉን አንስቶ መንዳት የሚያምረው። አሜሪካ ውስጥ እንደ አንድ መጠጥ የሚቆጠረው 44 ሚሊ ሊትር ያህል ተኪላ ነው፣ እኛ የምንቀዳው 60 ነው፣ ስለዚህ ሁለት ብርጭቆ ሁለት አይደለም።

«ወርቃማው ተኪላ ያረጀው ነው»

ሊሆን ይችላል፣ ካራሜል ቀለምም ሊሆን ይችላል። በርሜል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወር የቆየው ሬፖሳዶ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየው አኜሆ ይባላል፣ ቀለሙን ሳይሆን ጽሁፉን አንብቡ። መቶ ፐርሰንት አጋቬ (ተኪላ የሚሰራበት ተክል ነው) የማይል ከሆነ እስከ 49 ፐርሰንት የሚሆነው ስኳር ከሌላ ነገር የመጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መጠጥ ነጩ፣ ብላንኮው ይበቃል፣ ውዱን አኜሆ ቃሪያ ውስጥ አትቅበሩት እባካችሁ።

«ከቁልቋል ነው የሚሰራው፣ ትልም አለው»

አጋቬ ቁልቋል አይደለም፣ የእኛ ቃጫ ዘመድ ነው። ትል ደግሞ ሜስካል የሚባለው ሌላው የአጋቬ መጠጥ አንዳንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው፣ ተኪላ ውስጥ አይደለም።

«ጥቁር እንዲሆን ከሰል፣ እንዲጨስ ደረቅ በረዶ»

አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባለው ከሰል የተዋጠን መድሃኒት ሆድ ውስጥ ይዞ እንዳይሰራ ያደርገዋል፣ እንግዶቻችሁ ምን መድሃኒት እንደዋጡ ታውቃላችሁ? ኒውዮርክ ከተማ በ2018 ምግብና መጠጥ ቤቶች እንዳይጠቀሙት የከለከለችው ዝም ብላ አይደለም። ደም የመሰለ ቀለም ከፈለጋችሁ በኦክቶበር ሮማን አለላችሁ፦ 60 ሚሊ ሊትር ቃሪያ የገባበት ተኪላ፣ 30 የሎሚ ጭማቂ (ያኔውኑ የተጨመቀ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን መልሱት)፣ 20 የሮማን ጭማቂ፣ 20 አጋቬ ሽሮፕ፣ በበረዶ አስራ ምናምን ሰከንድ በደንብ ተመትቶ። ደረቅ በረዶ፣ ማለትም የቀዘቀዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ የዋጠው ሰው ጉሮሮውና ሆዱ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ብርጭቆ ውስጥ አይገባም። ጭሱን ከወደዳችሁት ደረቅ በረዶውን ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አርጉትና የመጠጡን ጆግ መሃሉ አስቀምጡት፣ የቤቱን መስኮትም ክፈቱ።

እና ቃሪያ ስትቆርጡ ጓንት አርጉ፣ በተለይ የድመት አይን ሌንስ የምታደርጉት ሴቶች፣ ማታ ስታወልቁት በዛ እጅ ነው አይናችሁን የምትነኩት።