የተወጠረ ሲሊከን ምንድን ነው?

ከአራት ኪሎ ወደ ለገሃር በሚኒባስ ታክሲ የሄደ ሰው የነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራተኛ ይገባል። መሀል ያለው ትከሻውን ሰብሰብ ያደርጋል፣ ጉልበቱን ያጠጋጋል። ሰውየው ያው ነው፤ አቀማመጡ ግን ተለወጠ።

በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ያሉ ትራንዚስተሮችም ሆን ተብሎ እንዲህ ይደረጋሉ።

ትራንዚስተር የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ አለው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ቺፕ ከሚሠራበት ንጥረ ነገር፣ ከሲሊከን ነው። የሲሊከን አተሞች በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው። ድርድሩ በየ0.543 ናኖሜትሩ (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ራሱን ይደግማል። ይህ ድርድር ከተፈጥሮ ልኩ ትንሽ እንዲለጠጥ ወይም እንዲጨመቅ ሲደረግ የተወጠረ ሲሊከን ይባላል። ለውጡ አንድ በመቶ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ጅረቱ ግን በግልጽ ይጨምራል።

ለምን? ብዙ ጊዜ «አተሞቹ ሲራራቁ መንገዱ ሰፋ፣ ኤሌክትሮኑም እንደ ልቡ አለፈ» ይባላል። ለጆሮ ደስ ይላል፤ ልክ ግን አይደለም። ኤሌክትሮን በአተሞች መሀል የሚሽሎከለክ ጠጠር አይደለም። በሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚሰፍሩባቸው፣ ኃይላቸው እኩል የሆነ 6 «ሸለቆዎች»፣ ማለትም ዝቅተኛ የኃይል ደረጃዎች፣ አሉ። በአንዳንዱ ሸለቆ ያለ ኤሌክትሮን በመተላለፊያው አቅጣጫ ሲገፋ ከባድ ነው፤ በሌላው ቀለል ይላል። ሲሊከኑ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲለጠጥ እኩልነቱ ይፈርሳል። ኤሌክትሮን ቀለል የሚልባቸው ሸለቆዎች ኃይላቸው ዝቅ ይላል፤ አብዛኛውም ወደዚያ ይሰበሰባል። ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እየተጋጨ መዝለሉም ይቀንሳል። እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው።

ሌላው ዓይነት ትራንዚስተር የሚሠራው ኤሌክትሮን በጎደለበት ባዶ ቦታ ነው። ሆል ይባላል። ሆል የሚወደው መጨመቅን ነው። ስለዚህ በአንድ ቺፕ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ አንዱን መለጠጥ ሌላውን መጨመቅ ያስፈልጋል።

ግፊት የሲሊከንንና የዘመዱን የጀርመኒየምን የኤሌክትሪክ ባሕርይ እንደሚለውጥ የፊዚክስ ተመራማሪው ቻርልስ ስሚዝ በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ቺፕ አምራቹ ኢንቴል የተወጠረ ሲሊከንን፣ 90 ናኖሜትር በሚባለው የቺፕ ትውልዱ፣ በገፍ ማምረት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዘዴው ታክሲውን ይመስላል። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ጀርመኒየም የተቀላቀለበት ሲሊከን ያበቅላሉ። የጀርመኒየም ድርድር ከሲሊከን በ4 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ መሀል ያለው ከሁለት በኩል ይጨመቃል። መለጠጥ ለሚፈልገው ደግሞ ከላይ የሚጎትት የሲሊከን ናይትራይድ ሽፋን ያለብሱታል።

ልክ ማለፍ ግን ጣጣ አለው። ውጥረቱ ሲበዛ የአተሞቹ ድርድር ይሰበራል፤ ትራንዚስተሩ ጠፍቶም ጅረት ሊያፈስ ይችላል። ትራንዚስተሮች እየተቀራረቡ በመጡ ቁጥር ደግሞ ለገፊው ጀርመኒየም የሚተርፈው ቦታ ይጠባል። በአንድ ልክ የተሠሩ ሁለት ትራንዚስተሮች እንኳ ጎናቸው ያለው ከተለያየ እኩል ላይሠሩ ይችላሉ። ለዚህ ነው የቺፕ ንድፍ የሚያወጡ ሰዎች የእያንዳንዱን ትራንዚስተር ጎረቤት ጭምር ከስሌታቸው የሚያስገቡት።