ከፍትፍቱ ፊቱ፦ ከገበታ እስከ ስልክ

«ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲባል መጀመሪያ የሰማሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ አክስቴ ዘንድ ነው። ለበዓል ጎረቤት ተጠርተን ሄድን። ዶሮው ነበር፣ ጠላው ነበር። ባለቤቲቱ ግን ሳህኑን እያጋጨች አቀረበች፤ አንድ ጊዜም «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» አላለችም። ስንመለስ አክስቴ በዚያ ብርድ ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ «ከፍትፍቱ ፊቱ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ፍትፍት እንጀራ ተቆራርሶ ከወጥ ጋር የሚለወስ ምግብ ነው። አባባሉ ሲሞላ «ከፍትፍቱ ፊቱ ይሻላል» ይሆናል፤ ያሳመረው ግን «ይሻላል» መቅረቱ ነው፤ ማበላለጡን «ከ» ብቻዋን ተሸክማዋለች። ፍትፍትና ፊት በድምፅ መገጣጠማቸውም ከአፍ እንዳይጠፋ የረዳው ይመስለኛል። ትርጉሙ፣ እንግዳን የሚያጠግበው የቀረበለት ምግብ ሳይሆን የተቀበለው ሰው ፊት ነው ማለት ነው። ፊቱ የበራ ሰው ቆሎ ቢያቀርብም ይበላለታል፤ ፊቱን የቋጠረ ሰው ሥጋ ቢቆርጥም አይዋጥለትም። ለምስጋናም ለወቀሳም ይነገራል፤ አክስቴ የተናገረችው ለወቀሳ ነው።

በቅርቡ ታናሽ ወንድሜ ከደብረ ብርሃን በቴሌግራም «ቅዳሜ አልመጣም፣ ፈተና አለብኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ «እሺ።» ብዬ መለስኩ። ማታ ደወለ፦ «እትዬ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?» አራት ነጥቧን እንደ ተቋጠረ ፊት ሲያያት ውሏል። ፈገግ ብዬ እንደጻፍኩት በምን ይወቅ? ፍትፍቱ ደረሰው፣ ፊቱ ቀረ።

ይህንኑ ችግር አሜሪካ፣ ፒትስበርግ የሚገኘው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቀደም ብለው አይተውታል። በኮምፒውተር ሲጻጻፉ ቀልዱ የምር እየተወሰደ ጭቅጭቅ ያስነሳ ነበር። ከነሱ አንዱ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ስኮት ፋልማን፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1982 ለቀልድ :-) ፣ ቀልድ ላልሆነው :-( እናድርግ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሁለት ነጥቡ ዓይን፣ ሰረዙ አፍንጫ፣ ቅንፉ አፍ ነው፤ ለማየት አንገትን ዘንበል ማድረግ ያስፈልጋል። የጃፓኖቹ (^_^) ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ስሜቱንም የሚያወጣው ከአፍ ይልቅ በዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ጃፓናዊው ሺጌታካ ኩሪታ ለስልክ ድርጅቱ ለኤንቲቲ ዶኮሞ 176 ትንንሽ ሥዕሎች አዘጋጀ፤ እያንዳንዱ 12 በ12 ነጥብ ብቻ ነበር። «ኢሞጂ» በጃፓንኛ የሥዕል ፊደል ማለት ነው። በዚያው ዓመት የኛ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ ገባ፤ ኢሞጂዎቹ በብዛት የገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ፋልማን የፈለገውን ዓይነት ምልክት የኛም ሥርዓተ ነጥብ ያውቀዋል፤ ትእምርተ ሥላቅ ይባላል። የተገለበጠ ቃለ አጋኖ (¡) ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ «ይህ ሥላቅ ነው» ብሎ አንባቢን ያስጠነቅቃል። ሰው እየረሳው መሄዱ ያሳዝነኛል።

የተሳለ ፊትም ቢሆን ይሳሳታል። ዘመድ ያረፈብን ጊዜ አክስቴ በቤተሰቡ ግሩፕ «ነፍስ ይማር» ብላ ያን በሳቅ ብዛት የሚያነባውን ፊት ሦስት ጊዜ ደርድራ ላከች። ያየችው እንባውን ብቻ ነው። የከፋው ሰው አልነበረም፤ ልቧን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጇ ደውላ ቀስ ብላ አስረዳቻት። እኔ ግን ያን ቀን የገባኝ፣ አባባሉ የሚያወራው አጠገባችን ስላለ፣ በዓይናችን ስለምናየው ፊት መሆኑ ነው። ስልክ ላይ ያለው ምትኩ ነው፤ ከምንም ይሻላል፣ ግን ምትክ ነው።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ፊት መላክ ትታለች። ድምፅ ቀድታ ትልካለች፦ «እሰይ የኔ እናት፣ እንደምን ዋልሽ? ብርዱስ?» ከኋላዋ ዶሮ ሲጮህ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ይሰማል፤ «ቆይ አንዴ፣ እንግዳ መጣ» ትልና ሳትዘጋው እንግዳውን «ግባ፣ ግባ» ስትለው ይቀዳል።