የእሳት በር ከምን ከምን ይሠራል?

እንግሊዝ አገር ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው የቤቱን መግቢያ በር ያውቀዋል። ሲከፍቱት ይከብዳል፣ ሲለቁት ደግሞ ራሱ ተመልሶ ይዘጋል። የእሳት በር ነው። ሥራው እሳትና ጭስን ለተወሰነ ጊዜ አግዶ ነዋሪው በደረጃ እስኪወርድ ፋታ መስጠት ነው። በብዛት የሚገጠመው ኤፍዲ30 ይባላል፤ በሙከራ ምድጃ 30 ደቂቃ እሳት ችሏል ማለት ነው። ኤፍዲ60 ደግሞ የ1 ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው የእሳት በር ሲባል ሳንቃውን ብቻ ያስባል። ሳንቃው ግን ከመቃኑ፣ ከማጠፊያው፣ ከቁልፉና ከሚዘጋው ሞላ ጋር አንድ ላይ ነው የሚፈተነው። አንዱን በርካሽ ዕቃ ከቀየሩት ያ 30 ደቂቃ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። የኤፍዲ30 ሳንቃ አብዛኛውን ጊዜ 44 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ውስጡም እንደ ተራ የኮምፔንሳቶ በር ባዶ ሳይሆን ድፍን ነው። ማጠፊያዎቹ ብዙውን ጊዜ 3 ናቸው፤ ብሎን መጉደል የለበትም።

እኔን የሚገርመኝ ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ቀጭን ስትሪፕ ነው። ሲያዩት ተራ ፕላስቲክ ይመስላል። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ በሳንቃውና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ገና ያልጋለ ጭስ ግን አያስነሳውም። ለዚያ እንደ ብሩሽ ያለ ፀጉር ወይም ጎማ አብሮ ይገጠማል። ቀለም ቀቢ ያንን ፀጉር ቀለም አልብሶ ካደረቀው ጭሱ እንደ ልቡ ያልፋል።

ክፍተቱ ከላይና ከጎን 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን ይባላል። መለኪያ ከሌለ የ1 ፓውንድ ሳንቲም ይበቃል፤ ውፍረቱ 2.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሳንቲሙ ገብቶ ከተንገዋለለ በሩ ልቅ ሆኗል።

ከሁሉም ችላ የሚባለው ሞላው ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩባቸው። እሳቱን በዋናነት ያዛመተው የሕንፃው የውጭ ልባስ ነው። አጣሪው ኮሚሽን ግን ብዙ የቤት በሮች የሚዘጋቸው ሞላ እንዳልነበራቸው ወይም እንደማይሠራ፣ ጭሱም በዚያ በኩል ወደ ኮሪደሩ እንደወጣ አረጋግጧል። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በእንግሊዝ ከ11 ሜትር በላይ በሆኑ የመኖሪያ ሕንፃዎች የጋራ በሮች በየ3 ወሩ፣ የቤት መግቢያ በሮች ደግሞ በዓመት አንዴ መፈተሽ አለባቸው።

ፍተሻው ለነዋሪም አይከብድም። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ገርበብ አድርጎ መልቀቅ። ሁለቱንም ጊዜ ሳይገፉት ቀጭ ብሎ መግጠም አለበት።

እኛ ቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቡና ሲቆላ አላርሙ እንዳይጮህ ብሎ በሩን በጫማ ደግፎ የሚከፍተው ብዙ ነው። ጭሱ በመስኮት ይውጣ እንጂ! የዚያ በር ማዶ የጎረቤት ሁሉ መውጫ ነው።